የጥድ አፋፍ ጣሪያ ለምን ዘገየ

ተረት ላውጋችሁ። ራሷ ትንሽ ናት፣ ጅራቷ ግን ረጅም ነው፤ እየጎተትኳት ስለምመጣ እንዳትረግጡብኝ።

ጥድ አፋፍ በምትባል ከተማ፣ ከተማ ካላችኋት፣ ትርንጎ ሙላው የምትባል ልጅ ነበረች። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ሚኒስትሪም በጥሩ ውጤት አልፋለች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ መማር። ችግሩ፣ ቅርብ የሚባለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንድ ቀን መንገድ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ታላቅ እህቷ ስንዱ እዚያ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ገብታ ነበር። መንፈቅ ሳይሞላት ብቻዋን ታማ ወደቀች፤ የጥድ አፋፍ ሰው ሄዶ በቃሬዛ ተሸክሞ አመጣት። ተመስገን፣ ዳነች። ወደ ትምህርቷ ግን አልተመለሰችም። አባታቸው አቶ ሙላውም "ከእንግዲህ ልጄን ለኪራይ ቤት አልሰጥም" ብለው ማሉ። ስለዚህ ትርንጎ ወይ እዚሁ አገሯ ትማራለች፣ ወይ ትቀራለች።

ደግነቱ በዚያው ዓመት ጥድ አፋፍ ላይ አዲስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መሠራት ጀመረ። ግንቡ ቆመ፣ በሩ ተገጠመ፣ መስኮቱ ተገጠመ። ነሐሴ ሲገባ አንድ ነገር ብቻ ጎደለው፤ ጣሪያ። ዝናቡ እንደ ልቡ እየገባ ጥቁር ሰሌዳው ሊሰቀል የታሰበበትን ግድግዳ ያጥበዋል። "መስከረም ላይ ጣሪያ ካልኖረው አይከፈትም" ተባለ። ትርንጎ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና አናጢው ዘንድ ሄደች።

አናጢው ጋሽ ፈረደ መዶሻቸውን ታቅፈው ግንቡ ሥር ተቀምጠዋል።

"ጋሽ ፈረደ፣ ምነው ጣሪያውን አይመቱትም?"

"ልጄ፣ በምኑ ልምታው? ቆርቆሮው እኮ ወረዳ መጋዘን ውስጥ ነው። ሾፌሩ አላመጣውም። ባዶ እጄን ማገር ላይ ወጥቼ ቁራ ልሁን?"

ሾፌሩ አልጫነም፣ አናጢው አልወጣም፣ ጣሪያው አልተመታም፤ ትርንጎም ዘጠነኛ ክፍል አልገባችም። ይሄ ገና የጅራቷ ጫፍ ነው።

ትርንጎ ወንዙን በእግሯ ተሻግራ ሾፌሩ ኑሩ ዘንድ ሄደች። ኑሩ አይሱዙውን ጥላ ሥር አቁሞ ሻይ ይጠጣል።

"ጋሼ ኑሩ፣ ቆርቆሯችንን ምነው የማይጭኑልን?"

"አንቺ ልጅ፣ በምን ተሻግረሽ መጣሽ?"

"በግንዱ ላይ።"

"አየሽ? አንቺን ቻለሽ። የኔን መኪና አይችልም። የድልድዩ ሁለት ግንድ ተሰብሯል። ቆርቆሮውን ይዤ ወንዝ ብገባ ዓሣ ይማርበታል እንጂ እናንተ አትማሩበትም። መጀመሪያ ደቦ ወጥቶ ድልድዩን ይጠግን።"

ድልድዩ አልተጠገነም፣ ሾፌሩ አልጫነም፣ አናጢው አልወጣም፣ ጣሪያው አልተመታም፤ ትርንጎም ዘጠነኛ ክፍል አልገባችም።

የደቦው አለቃ አባባ ተገኘ ናቸው። በአገሩ ድልድይ ቢሰበር፣ ቤት ቢቃጠል፣ አዝመራ ቢደርስ ሰው የሚሰለፈው ከእሳቸው ኋላ ነው። ትርንጎ ጉልበታቸውን ስማ ጠየቀቻቸው።

"ግንዱ ተቆርጦ ደርቋል፣ የኔ ልጅ። ክንድም ሞልቶናል። ግን ጥሩንባ ሳይነፋ ደቦ ወጥቶ ያውቃል? እኔ በየቤቱ እየዞርኩ 'ና፣ ነይ' ብል፣ አንዱን ረስቼ አንዱን ጠርቼ አገር ላስቀይም ነው? ጥሩንባ ሁሉን እኩል ይጠራል። ውብነህን ንፋ በዪው።"

ጥሩንባው አልተነፋም፣ ደቦው አልተሰበሰበም፣ ድልድዩ አልተጠገነም፣ ሾፌሩ አልጫነም፣ አናጢው አልወጣም፣ ጣሪያው አልተመታም፤ ትርንጎም ዘጠነኛ ክፍል አልገባችም። እግሯ ግን አልደከመም፣ እግር ይስጣት።

ጥሩንባ ነፊው ጋሼ ውብነህ ጥሩንባውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጨርቅ አልብሶታል። ገና ጥያቄዋን ስትጀምር እጁን አወናጨፈ።

"እንዳትነግሪኝ! አምና የሆንኩትን ረሳሽው? ቧንቧ መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ፣ ማንም ሳያዘኝ ነፋሁት። ሰዉ ሰው የሞተ መስሎት እያለቀሰ መጣ። ሦስት መንደር አልቅሶ፣ 'ማነው የሞተው?' ሲለኝ 'ማንም' አልኩ። ሊገድሉኝ ነበር እኮ! ከዚያ ወዲህ ሊቀመንበሯ በአፋቸው ሳያዙኝ አልነፋም ብዬ ምያለሁ።"

ትርንጎ ሳቋ መጣ፤ ግን ነውር እንዳይሆንባት ዋጠችው።

ሊቀመንበሯ አላዘዙም፣ ጥሩንባው አልተነፋም፣ ደቦው አልተሰበሰበም፣ ድልድዩ አልተጠገነም፣ ሾፌሩ አልጫነም፣ አናጢው አልወጣም፣ ጣሪያው አልተመታም፤ ትርንጎም ዘጠነኛ ክፍል አልገባችም።

የቀበሌዋ ሊቀመንበር እትዬ ባንቺአየሁ ናቸው። ትርንጎ ስትደርስ ሐሙስ ጠዋት ነበር፤ እሳቸውም ስልክ በአንድ እጅ፣ ማኅተም በሌላ እጅ ይዘው ለአምስት ሰው በአንዴ ይመልሳሉ።

"እትዬ ባንቺአየሁ፣ ጥሩንባ ይነፋ ብለው ይዘዙልኝ።"

"ለምን?"

"ደቦው ድልድዩን እንዲጠግን፣ ሾፌሩ ቆርቆሮ እንዲጭን፣ ጋሽ ፈረደ ጣሪያውን እንዲመቱ፣ እኔ ዘጠነኛ ክፍል እንድገባ።"

እትዬ ባንቺአየሁ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱት። "ጎሽ! እዚህ ቢሮ እንደዚህ አስተካክሎ የነገረኝ ሰው የለም። ግን ልንገርሽ፣ ለስንት ተማሪ ነው አገር የማስወጣው? ለአስር ነው? ለመቶ ነው? ዝርዝር የለኝም። መምህር አስናቀ ከሰኞ ጀምሮ ለምዝገባ ተቀምጧል፤ እስካሁን አንድ ስም አላመጣልኝም። ዝርዝሩ ደግሞ ነገ ዓርብ ወረዳ ካልደረሰ ለኛ የታሰቡት አስተማሪዎች ሌላ ቦታ ይመደባሉ። ያን ጊዜ ጣሪያውን ብንመታውም ለበግ ነው። ዝርዝሩን አምጪልኝ፣ አሁኑኑ አዛለሁ።"

ትርንጎ ተፈትልካ ወጣች። እንግዲህ ሩጫ ነው። እየሮጠች በሆዷ ትቆጥራለች፤ ዝርዝሩ አልተጻፈም፣ ሊቀመንበሯ አላዘዙም፣ ጥሩንባው አልተነፋም፣ ደቦው አልተሰበሰበም፣ ድልድዩ አልተጠገነም፣ ሾፌሩ አልጫነም፣ አናጢው አልወጣም፣ ጣሪያው አልተመታም፤ እኔም ዘጠነኛ ክፍል አልገባሁም።

መምህር አስናቀ አዲሱ ርእሰ መምህር ነው፤ ከሌላ አገር በቅርቡ የመጣ፣ መስመር ሳያሰምር ስሙን እንኳ የማይጽፍ ወጣት። ጣሪያ በሌለው ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በአንድ እጁ እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ፊቱ ወላጆች ሞልተዋል። መዝገቡ ግን ነጭ እንደሆነ ነው።

"ጋሼ፣ ሰው እንዲህ ሞልቶ ምነው አይጽፉም?"

"እኔንጃ እህቴ!" አለ መምህሩ፤ ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነው። "አራት ቀን ሙሉ አንደኛ የሚሆን ሰው አጣሁ!"

እንግዲህ የጥድ አፋፍን ሰው አታውቁትም። የጥድ አፋፍ ሰው ጨዋ ነው። ጨዋነቱ ግን አንዳንዴ ልክ ያጣል። ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኙ "ይቅደሙ"፣ "ኧረ እርስዎ ይቅደሙ" ሲባባሉ ወጡ ይበርዳል። መዝገቡም የገጠመው ይኸው ነው። አቶ ደርሶ፣ ለትምህርት ቤቱ መሬታቸውን የሰጡት ሽማግሌ፣ "የቄስ አላምረው ልጅ እያለ የኔ የልጅ ልጅ ከላይ ይጻፍ? ነውር ነው! ሁለተኛ ላይ ጻፈው" ይላሉ። ቄስ አላምረው፣ "መሬቱን የሰጡት እያሉ? በፍጹም! የኔን ሁለተኛ" ይላሉ። ሌላው ሁሉ ደግሞ፣ "እነሱ እያሉማ እኔ ማን ነኝ፤ ሁለተኛ፣ ባይሆን ሦስተኛ" ይላል። የትርንጎ አባት አቶ ሙላውም ከሰኞ ጀምረው እዚያው ናቸው፤ እሳቸውም "ሁለተኛ" ካሉ አራተኛ ቀናቸው ነው።

መምህር አስናቀም የዋዛ አይደለም። "ተራ ቁጥር አንድ ባዶ ሆኖ ተራ ቁጥር ሁለት አይጻፍም። ይሄ መዝገብ ነው!" ይላል። ሁሉም ሁለተኛ፣ አንደኛ የለም። አንደኛ ባይኖር ዝርዝሩ አልተጻፈ፣ ሊቀመንበሯ አላዘዙ፣ ጥሩንባው አልተነፋ፣ ደቦው አልተሰበሰበ፣ ድልድዩ አልተጠገነ፣ ሾፌሩ አልጫነ፣ አናጢው አልወጣ፣ ጣሪያው አልተመታ። ስንት ነገር በአንድ ይሉኝታ ቆሞ ነበር!

ትርንጎ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

"ጋሼ፣ እኔን ይጻፉኝ። አንደኛ።"

ከኋላ አንዷ እናት፣ "ውይ! ዓይኗን በጨው ታጥባ!" ስትል ተሰማች።

"ትርንጎ!" አሉ አባቷ፤ ፊታቸው ቀላ። "በአባቶች ፊት? እነ አቶ ደርሶ ቆመው?"

ትርንጎ ዞረች። ልትመልስ አፏን ስትከፍት እንባ ቀደማት። እያለቀሰችም ተናገረች።

"አባዬ፣ ስንዱን በቃሬዛ ስታመጧት 'አንተ ቅደም፣ አንተ ቅደም' ተባብላችኋል እንዴ? አቶ ደርሶም ተሸክመዋል፣ አባ አላምረውም ተሸክመዋል። ማን ፊት ሆነ፣ ማን ኋላ ሆነ፣ ማንም አልጠየቀም። ያመጣችኋት እንዳትሞት ነው። እኔ እኮ ልቀር ነው፣ አባዬ! ነገ ዓርብ ነው። ጨዋ ሆኜ ከምቀር ባለጌ ተብዬ ልማር።"

አቶ ደርሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መሬት መሬት አዩ። አቶ ሙላው ልጃቸውን ረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ያ መንገድ፣ ያ ቃሬዛ፣ የስንዱ ትንፋሽ ሁሉ ፊታቸው ላይ ይታያል። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄደው በጣታቸው የመጀመሪያዋን መስመር ነኩ።

"እዚህ ጋ ጻፋት፣ ልጄ። ትርንጎ ሙላው በላት። ጥፋቱም ካለ የኔ ነው።"

መምህር አስናቀ ጃንጥላውን ጥሎ ጻፈ። ተራ ቁጥር አንድ፣ ትርንጎ ሙላው። ቀለሙ ሳይደርቅ ጠረጴዛው ተወረረ። "የኔን ሁለተኛ!" "ሁለተኛ እኔ ከሰኞ ጀምሬ ይዣታለሁ!" "ሦስተኛ!" ጠረጴዛው አንድ እግሩ እስኪነቃነቅ ድረስ ተጋፉ። እስከ ምሳ ሰዓት ስልሳ ሦስት ስም ገባ።

ከዚያማ ምኑን ላውራችሁ! ዝርዝሩ ተጻፈ፣ ሊቀመንበሯ አዘዙ፣ ጥሩንባው ተነፋ። አንዲት ሴት ልማድ ሆኖባት ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ወጣችና፣ ድልድይ ነው ሲሏት እንባዋን ጠርጋ ግንድ ተሸከመች። ደቦው ተሰበሰበ፣ ድልድዩ ተጠገነ። ዓርብ ጠዋት መምህር አስናቀ ዝርዝሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ በአዲሱ ድልድይ ተሻግሮ ወረዳ አደረሰ። ሾፌሩ ጫነ። ኑሩ ድልድዩ ላይ ሲደርስ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ግንዱን አንድ ሁለቴ አየ፤ "ቢስሚላህ" ብሎ አለፈ። አናጢው ወጣ። ጋሽ ፈረደ ሦስት ቀን ከማገሩ ላይ አልወረዱም፤ ምሳቸውን እንኳ በገመድ እየሳቡ በሉ። ጣሪያው ተመታ።

መስከረም ላይ ትምህርት ቤቱ ተከፈተ። መምህር አስናቀ መዝገቡን ገልጦ ስም ጠራ። "ተራ ቁጥር አንድ፣ ትርንጎ ሙላው።" "አቤት!" አለች፤ ጎረቤት ክፍል እስኪሰማ። ሁለትም፣ ሦስትም ተጠራ፤ ስልሳ ሦስትም ተጠራ። መምህሩ መዝገቡን ሊዘጋ ሲል አቶ ሙላው በሩ ላይ ቆመው አያቸው። ብቻቸውን አልነበሩም። ከኋላቸው ስንዱ ናት፤ ደብተር በነጠላዋ ሥር ደብቃ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

"መምህር፣ አንድ ቀርታብኛለች" አሉ አቶ ሙላው። "ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ትማሪያለሽ ወይ ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ትናንት ብጠይቃት ደብተሯን አወጣች።"

"ስንተኛ ላይ ልጻፋት?"

"የትም ጻፋት።"

መምህር አስናቀ አዲስ መስመር አሰመረ። ተራ ቁጥር ስልሳ አራት፣ ስንዱ ሙላው። ስንዱ በልጆቹ መካከል አልፋ መጣች፤ ትርንጎም ጥግ ድረስ ተጠጋችና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀችላት። ስንዱ ተቀመጠች፤ የኔም ተረት አብራት ተቀመጠች።