ጅብ የበላው ሰላም

አንድ ጊዜ፣ አራዊት እርስ በርስ ተናክሰው፣ እመት አህያ ግራ ቀኝ ሳትገላመጥ ሣር መጋጥ ባቃታት ዘመን፣ ንጉሡ አያ አንበሶ ጉባኤ ጠራ።

«ሰላም እፈልጋለሁ፤ መላ ያለው ይናገር!» አለ።

ቀበሮ ብድግ አለ። «ጌታዬ፣ ጠብ የሚመጣው ሁሉም እንደ ፈቃዴ ልሁን ሲል ነው። የነካሹ አፍ፣ የረጋጩ እግር ይታሰር። አሳሪ ከጠፋም እኔ አለሁ።»

አያ ጅቦ ማሰሪያው የበሬ ጠፍር መሆኑን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። «ለሰላም ከሆነማ እኔን አስቀድሙኝ!» ብሎ ጮኸ።

ከንጉሡና ከአሳሪው በቀር ሁሉም ታሰረ። እመት አህያ አፏም እግሯም ተጠፍሮ፣ ሆዷ ድረስ በደረሰ ሣር መካከል በረሃብ ቆመች።

«ይህን ሰላም የሚቃወም ካለ ይናገር!» አለ አንበሳ።

«እምምም!» አለች እመት አህያ እንባዋ እየወረደ።

«ደገፈች» አለ ቀበሮ። ወዲያው አንዲት የታሰረች ቆቅ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ገባ።

አያ ጅቦ ግን በምላሱ ጠፍሩን አርሶ፣ አላልቶ፣ ዋጠው። ጣፈጠው። ቀጥ ብሎ ወደ እመት አህያ መጣ። መሸሽም መራገጥም አትችልም፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቅርጥፍ! የእግሯ ጠፍር ሄደ። ቅርጥፍ! የአፏም ሄደ። ከዚያ የፍየሉን፣ የዝንጀሮውን፣ የሁሉንም ጠራርጎ በላና፣ ሆዱ ነጋሪት አክሎ እመት አህያ እግር ሥር ዘፍ አለ።

አንበሳ እያገሳ መጣ። «ሰላማችንን ማን በላው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ጅብ፤ «ጨው ያንሰዋል።»

«እመት አህያ፣ አናቱን በይው እንጂ!» አለ ቀበሮ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ።

እመት አህያ እግሯን አነሣች። ጅብ የበላቸው ዘመዶቿ አንድ በአንድ ታወሷት። ከዚያ ግን እግሯን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አሳረፈችው።

«መርገጥ እችል ነበር፤ አልፈለግሁም» አለች። «አንተስ አያ ጅቦ? ስትራብ ትበላኛለህ?»

ጅብ አሰበ። አስቦ ስለማያውቅ ራሱን አመመው። «ዛሬ ብራብም አልበላሽም» አለ በመጨረሻ። «የነገን ግን እንጃ።»

«እንግዲያው ነገ ደግመን እንነጋገራለን፤ ራቅ ብለን» አለችና፣ ቀና ሳትል ሣሯን ጋጠች።

ከዚህ የምንማረው፣ አፍና እግር አስሮ የሚገኘው ዝምታ እንጂ ሰላም አለመሆኑን፣ ሰላም የሚባለው መርገጥ የሚችል በገዛ ፈቃዱ እግሩን ሲያወርድ መሆኑን ነው።