ለጅብ መቀመጫ የሆነው ሰሌዳ

እስቲ «ተረት ተረት» ልበላችሁ። «የላም በረት» በሉኛ። እንዲያ ነው። ዳር ያለኸው አንተ አልተሰማኸኝም፤ ይሁን፣ ለዛሬ አልፌሃለሁ።

ዱሮ ዱሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ የኔታ ጉሬዛ የሚባሉ መምህር ነበሩ አሉ። ከዋርካ ሥር አውሬውን ሰብስበው ፊደል ያስቆጥራሉ። ከተማሪዎቻቸው አንዷ እመት ፍልፈሊት ነበረች። ዓይኗ አያይም። የኔታ ፊደሉን ድንጋይ ላይ በከሰል ይጽፋሉ፤ እሷ ድንጋዩን ብትዳብሰው ልሙጥ ነው። ቁጥሩን በጆሮዋ ይዛዋለች፣ «አንብቢ» ሲሏት ግን አትችልም። ሁለት ዓመት ወደቀች። ሦስተኛ የወደቀ ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ይመለስ የሚል ደንብ አለ። ምስኪን፣ መማር እንዴት እንደምትወድ ብታዩ!

አንድ ቀን ግመሊት ከሩቅ አገር ሦስት ዕቃ ጭና መጣች። አንዱ አጉሊ መነጽር ነው። አንዱ ትምህርት የሚያሰማ ራዲዮ ነው። አንዱ ደግሞ ፊደሉ በነጥብ በነጥብ ጎላ ጎላ ብሎ የተሠራበት ሰሌዳ ነው። ለሚቸገረው ስጡልኝ ብላ መንገዷን ቀጠለች።

የኔታ ግራ ገባቸው። እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። ለማን ይስጡት? አሰቡ፣ አሰቡ፣ መጨረሻ ላይ ድግስ ቤት እንደሚደረገው አደረጉ፤ ታላቅ ይቅደም አሉ። አያ አንበሶ ራዲዮውን አነሳ። አያ ንስሮ መነጽሩን አነሳ። አያ ጅቦ ሰሌዳውን አነሳ። ከሁሉ ኋላ የተቀመጠችው ፍልፈሊት ባዶ እጇን ቀረች።

ከዚያ ወዲያ የሆነው ለእኔ ለተራቹም ግራ ያጋባል። ራዲዮው «ሀ» ሲል አንበሶ ማነው የደፈረኝ ብሎ ያገሳል። «ሁ» ሲል ያገሳል። «ሂ» ሲል ያገሳል። ማን ይስማ? ንስሮ በመነጽሩ ጉንዳን ቢያይ በሬ አክላ ታየችው፤ ዛፍ ላይ ወጥቶ አልወርድም አለ። ጅቦማ ድሮስ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ የሚል አይደል? ሰሌዳውን አንጥፎ ተቀመጠበት።

ራዲዮው መነጽሩን፣ እኛ ምን አጠፋን ብሎ ጠየቀው። መነጽሩም እኔ እንጃ አለ፤ ለደከመ ዓይን ብለው ሠርተውኝ ንስር እጅ ገባሁ፣ መንገድ ሳንስት አልቀረንም አለው። ሰሌዳው ከጅቡ ሥር ሆኖ የሚለው አልተሰማም። የኔታም ዕቃዎቹ ላይ አንዳች ነገር ሰፍሮባቸዋል ብለው ወደ ግመሊት ሊመልሷቸው ቆረጡ።

በዚህ መሐል የፈተናው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎች ሲመጡ ተማሪው ሁሉ ለክብራቸው ብድግ አለ። ጅቡም ብድግ አለ። ሰሌዳው ያኔ ተነፈሰ።

«እመት ፍልፈሊት፣ እኔ የምነበበው በጣት ነው» አላት። «የመጣሁት ላንቺ ይመስለኛል።»

ፍልፈሊት እጇን ዘረጋች።

«ተይ፣ አትንኪው፣ ይሰበራል» አሏት የኔታ።

«የኔታ፣ ሌላው ሲያነብ አትይ ብለውት ያውቃሉ?» አለቻቸው።

የኔታ ገለል አሉላት። ፍልፈሊት የመጀመሪያውን ፊደል ዳበሰችና «ሀ» አለች። ሁለተኛውን ዳበሰችና «ሁ» አለች። በጆሮዋ የያዘችውን ቁጥር ከጣቷ ጋር እያስተያየች እስከ መጨረሻው ዘለቀችው። ሽማግሌዎቹ አላመኑም። በቃሏ ነው ብለው ሰሌዳውን አዟዟሩባት፤ ጣቷን ከመሐል አንዱ ፊደል ላይ አኖሩና ይህስ አሏት። አንዴ ደግማ ዳበሰችው። «መ» አለች። እውነትም «መ» ነበር።

ሽማግሌዎቹ አልፋለች ብለው ፈረዱ። የኔታ ግን ከፊታቸው ቆሙ።

«አባቶቼ» አሉ፣ «ሁለት ዓመት የወደቀችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ።»

ስለዚህ ልጆቼ፣ ለከበረ የሰጡት ጌጥ ይሆናል፣ ለቸገረው የሰጡት ዓይን ይሆናል። ተረቴን ለባለቤቱ አድርሱልኝ፤ አፌን ባገኛችሁት አብሱልኝ።