ከፌስታሉ በፊት

ወገኖቼ፣ አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቤቱ አዳማ፣ ሥራው ጅቡቲ መመላለስ። ሰፈሩ ጥግ ሲደርስ ጥሩምባውን ይነፋል፤ ልጁ ሶስና ሮጣ በር ትከፍታለች። ሁልጊዜ ከእሱ በፊት የሚገባው በእጁ ያንጠለጠለው ፌስታል ነው። ጫማ፣ ሽቶ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ያልመጣ ነገር የለም። ሩቅ የከረመ አባት ልጁን በምን ይካስ?

ሶስና አሥራ አራት ዓመት ሞላት። አንድ ቀን ፌስታሉን ተቀበለችውና እዚያው በር ላይ ትበረብር ጀመር። እሱ ሊያቅፋት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እሷ ቀናም አላለች።

"ኧረ አባዬ፣ ይሄ እኮ ጊዜው ያለፈበት ነው!"

ሰውየው ሆድ ባሰው። ምሳ ላይ ሚስቱን አስካለን "ይቺ ልጅ ይሄን ከማን ተማረችው?" አላት።

አስካለ ደግሞ ቃል አትቆጥብም። "ከአንተ ነዋ! ከፊትህ አስቀድመህ ፌስታል እያስገባህ፣ አባት ማለት ፌስታል ቢመስላት ምን ይገርምሃል?"

በሚቀጥለው ጉዞ ባዶ እጁን መጣ። ሶስና አኮረፈች። ልጄን አጣኋት ብሎ ፈራ፤ ግን ሐሳቡን አልቀየረም። ትምህርት ሲዘጋ ጋቢና አሳፍሮ እስከ ሚሌ ይዟት ሄደ። እዚያ በረሃ ላይ፣ በተሳቢው ጥላ ሥር ፓስታ ቀቅሎ አበላት። ጎማ ሲፈታ ላቡ ሲንጠባጠብ አየች። የልጅነት ተንኮሉን ሲያወራላት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች።

"አባዬ፣ እንዲህ ጨዋታ አዋቂ ነህ እንዴ?"

ወገኖቼ፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ገና መተዋወቋ ነበር!

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ብቻውን በሄደበት ጉዞ፣ ጎርፍ መንገዱን ቆረጠው። ሰውየው ቀረ፤ ቤተሰቡ ተጨነቀ። በመጨረሻ ያቺ ጥሩምባ ስትሰማ ሶስና አንድ እግር ጫማ ብቻ አጥልቃ በረረች። አቧራና ግራሶ የጠጣ ሸሚዙን እንቅ አድርጋ ይዛ አልለቅም አለች። የጎረቤት ልጅ ከአጥር ማዶ ጠየቀቻት።

"ሶሲ፣ ምን አመጣልሽ?"

ሶስና ደረቷን ነፋች።

"አይታይሽም? ራሱ መጥቷል!"

ያ ሰው ያን ዕለት እንዴት ኮራ መሰላችሁ! በገዛ ቤቱ በር አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ባዶ እጁን እያወዛወዘ ገባ።

እናንተ አባቶች፣ እናንተ እናቶች! የዘንድሮ ልጅ ዕቃ ብቻ ነው የሚወደው እያልን እናማርራለን። ማን አስለመደው? ስንቀር በዕቃ የካስነው፣ ሲያለቅስ በዕቃ ያባበልነው፣ አጥፍተን ይቅርታ ማለት ሲያቅተን ዕቃ የገዛንለት እኛ አይደለንም? አትስጡ አላልኩም። ስጡ! ፌስታሉ ግን ከኋላ ይምጣ። እናንተም ልጆች፣ በር ስትከፍቱ አስቀድማችሁ ቀና በሉ።

ዛሬ ከዚህ ወጥታችሁ በራችሁን ታንኳኳላችሁ። "ራሱ መጥቷል፣ ራሷ መጥታለች" ብሎ የሚኮራባችሁ ልጅ ይክፈትላችሁ።