ጃፓንኛ አውቃለሁ ያለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ «በቅጥራችን ውስጥ ማንም ማንንም አይበላም» ተባብለው በአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ሲኖሩ፣ ባሕር ተሻጋሪው ሽመላ ከጃፓን አገር አንድ የጌም ማሽን በእግሩ አንጠልጥሎ መጣ። ቴሌቪዥኑስ ከየት መጣ እንዳትሉኝ፤ ዝንጀሮ ያመጣውን ዕቃ ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቅ ሞኝ የለም። መብራቱ ከፀሐይ ነው፤ ዋርካው ጫፍ ላይ አንዲት ሶላር ተሰቅላ ገመዷ እስከ ታች ይወርዳል።

ጌሙ የጦረኛ ጉዞ ነበር። አንድ ጎረምሳ ከትንሽ ጎጆ ይወጣና አገር ላገር እየዞረ፣ ከሽማግሌ ምክር፣ ከነጋዴ ሰይፍ እየሸመተ፣ በመጨረሻ ዘንዶ ይገድላል። ይገድላል የተባለውም በግምት ነው። ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች ጃፓንኛ ነዋ! ጃፓንኛ ሲታይ፣ አተላ የጠጣች ዶሮ አመድ ላይ ጨፍራ የሄደች ይመስላል። ከዱሩ ሁሉ አንዲት ፊደል የሚለይ አልነበረም።

እንስሳቱ ሞክረው ሞክረው ተዉት። ዝሆን ጆይስቲኩን ሲይዘው በእግሩ ጣት መሐል ጠፍቶበት ሦስት ቀን ተፈለገ። ንጉሥ አንበሳ «የማላነበው ነገር አያዘኝም» ብሎ ተኛ። ያልተወች እማማ ኤሊ ብቻ ናት።

እማማ ኤሊ የጎረምሳውን ስም ማንበብ ቢያቅታት «ድፋባቸው» አለችው። አንዱን በር ለመክፈት አርባ ቀን ግድግዳ ስታናግር ኖረች። መድኃኒት መስሏት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መርዝ አጠጣችው። ሰይፍ ልትገዛለት ብላ የያዘውን ሸጠችበትና፣ ምስኪን ድፋባቸው አንድ ክረምት ሙሉ ከተኩላ ጋር በቡጢ ሲፋለም ከረመ። ግን አንድ ነገር በገባት ቁጥር ዋርካው ልጥ ላይ በጥፍሯ ትጭር ነበር፤ ይህቺ ምልክት መድኃኒት፣ ያቺ መርዝ፣ ሁለት ምርጫ ከመጣ ደግሞ የላይኛው «እሺ»፣ የታችኛው «አይሆንም»። እንዲህ እንዲህ እያለች በሦስት ዓመቷ ከዘንዶው ግንብ ደጃፍ ደረሰች። የሄደችበትን መንገድ ሁሉ ማሽኑ ሴቭ እያደረገ በሆዱ ያስቀምጥላታል።

ዱሩም ሥራው ሁሉ ድፋባቸውን ማየት ሆነ። ድፋባቸው ሲቆስል ጉሬዛ ታለቅሳለች፤ ሲያሸንፍ ጅግራ እልል ትላለች።

እማማ ኤሊ ግን ዓይኗ እየደከመ ነበር። ግራው ጭራሽ ጨልሟል፤ ቀኙም ጭጋግ ጀምሮታል።

«ልጆቼ፣» አለች አንድ ቀን፣ «የፊታችን ቅዳሜ ግንቡ ውስጥ እገባለሁ። ይህች የቀረችኝ ብርሃን ሳትጠፋ የድፋባቸውን መጨረሻ ልየው። ከዚህ ሌላ አልመኝም።»

አያ ጅቦ ከተፍ ያለው በዚሁ ሰሞን ነው። የወጣ የወረደውን ሁሉ ሲያሳድድ የኖረ፣ ከሩቅ አገር የመጣ ነኝ ባይ። ቴሌቪዥኑን ሲያይ ከት ብሎ ሳቀ።

«እንዴ! ይህን የሚያነብ ጠፍቶ ነው ሦስት ዓመት የምትሠቃዩት?»

«እርስዎ ያነባሉ?» አለች እመት አህያ፣ እንደ ልማዷ ከሩቁ።

«ማንበብ? ጃፓንኛ እኮ የምበላው የምጠጣው ነው! መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ የጃፓን መሐንዲስ ቦት ጫማውን ከነክሩ፣ ከነካልሲው በልቼበታለሁ። ቋንቋው በሆዴ ገብቶ ነው ወደ ራሴ የወጣው።»

እመት ቀበሮ ጅራቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «ቋንቋ በሆድ የሚገባ ከሆነማ፣ አያ ጅቦ፣ በአህያኛ ቅኔ ይዘርፋሉ ማለት ነው» አለች።

ዱሩ ሳቀ። አህያ ብቻ አልሳቀችም።

ያም ሆኖ ለተማረ ክብር ይገባል ተብሎ ቁርበት ተነጠፈለት። ከፊት ረድፍ፣ ከእማማ ኤሊ ጎን! በዕድሜው ከአጥር ውስጥ ተቀመጥ ተብሎ የማያውቀው አያ ጅቦ፣ ደረቱን ነፍቶ ማስተርጎም ጀመረ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጺማም ሽማግሌ ብዙ ይናገራል።

«ምን አሉ፣ አያ ጅቦ?»

«ሥጋው በስሏል ወይ? አሉ።»

የንጉሡ ልጅ ታለቅሳለች።

«እሷስ?»

«ቅልጥሜን ማን ወሰደብኝ ትላለች።»

መቃብር ይታያል፤ ላዩ ላይ ተጽፏል።

«ይኼማ ግልጽ ነው፤ እዚህ አጥንት አለ፣ የፈለገ ይቆፍር ይላል።»

እማማ ኤሊ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ጌሙ ውስጥ የድፋባቸው አባት የሞተ ዕለት ቃል ሳይገባት አልቅሳለች፤ የንጉሡ ልጅም ስለ ቅልጥም እንዳላለቀሰች ልቧ ያውቃል። ግን እንግዳን በአደባባይ ማሳፈር አልወደደችም። ምነው ያን ዕለት ባሳፈረችው ኖሮ!

ዓርብ ቀትር ላይ ሁሉም ወደ ወንዝ ወረደ። እማማ ኤሊም ለነገው ዓይኗን በምንጭ ውሃ ልታጥብ ሄደች። ከዋርካው ሥር አያ ጅቦ ብቻ ቀረ።

ድፋባቸው በአገልግሉ የተጠበሰ ታፋ እንደያዘ አያ ጅቦ ሰንብቶ አይቷል። ያ ታፋ እንቅልፍ ነሥቶታል። «እስቲ ልክፈተው፤ ሽታው እንኳ ቢወጣ» አለና ማሽኑን አበራ። እዚህም እዚያም ሲነካካ፣ ጽሑፍ መጣ፤ ከሥሩ ሁለት ምርጫ።

አያ ጅቦ አሰበ። «ምን ይጠይቀኛል? ይህን ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ እንግዳ ምን ይባላል? ይብሉ ነው እንጂ!» የላይኛውን፣ «እሺ»ን ተጫነ።

ማሽኑ ጢን አለና እንደገና ጠየቀ።

«አየህ ጨዋ! አንዴ ብሎ አይተውም። በሞቴ እያለኝ ነው።» እሺ።

ማሽኑ ሦስተኛ ጠየቀ፤ አሁን ፊደሉ ቀልቷል፣ ድምፁም እንደ ሥጉ ሰው ይርገበገባል። የአያ ጅቦ ዓይን እንባ አቀረረ። «አፈር ስሆን እያለኝ እኮ ነው! በአፈር ስሆን እምቢ ይባላል?» እሺ!

ቴሌቪዥኑ ጨለመ። ከዚያ ደስ የሚል ዋሽንት ተነፋ፤ አንዲት ጎጆ ታየች። ከጎጆዋ ድፋባቸው ወጣ። ሰይፍ የለ፣ ጥሩር የለ፣ አገልግል የለ። አንዲት ጭራሮ ይዟል።

አያ ጅቦ መጀመሪያ የፈለገው ታፋውን ነው። አልጋ ሥር አየ፤ እንስራ ውስጥ አየ። ከዚያ ግንቡን ፈለገ፤ የለም። ነጋዴው ድፋባቸውን አላወቀውም። የሞተው አባት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንጨት ይፈልጣል።

ያኔ ገባው። ማሽኑ በሆዱ ያስቀመጠው መንገድ ሁሉ ተሰርዟል። ሦስት ዓመት፣ አርባ ቀን ግድግዳ፣ አሥራ ዘጠኝ መርዝ፣ በአንድ ቀትር ውጦታል፤ እሱም አልጠገበ። ማሽኑን አጠፋ። ጆይስቲኩ ላይ የተንጠባጠበውን ለሐጩን በክንዱ ጠረገ። ጠርጎ ጠርጎ፣ የነካው ሁሉ እሱን እሱን የሚሸት መሰለው።

ቅዳሜ ዱሩ ግጥም ብሎ መጣ። ጉንዳን ሳይቀር በሰልፍ። እማማ ኤሊ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ማሽኑን አበራች፤ ድፋባቸውም ጭራሮውን ይዞ ከጎጆው ወጣ።

እማማ ኤሊ አንገቷን አስረዝማ፣ ቀኝ ዓይኗን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ብዙ አየች።

«ዓይኔ ነው?» አለች ቀስ ብላ። «እናንተም ይኼንኑ ነው የምታዩት?»

ጉሬዛ ማልቀስ ጀመረች።

ንጉሥ አንበሳ ተነሣ። «አፈርሳታ ተቀምጧል! ጥፋተኛው እስኪለይ ከዚህ ዋርካ ሥር ንቅንቅ የሚል የለም፤ እህል ውሃም አይቀመስም። የተገኘው ከቅጥር ይወጣል!»

ፀሐይ ከአናት ላይ ዘነበለች። የሁሉም ሆድ ጮኸ፤ የአያ ጅቦ ሆድ ግን እንደ ነጋሪት ነበር። ያኔ እመት ቀበሮ ድምጿን አለስልሳ፣ «ጌታዬ፣ ለምን እንራባለን? ማሽኑ ራሱ ይመስክር። ይኸው ጽሑፍ ወጥቶበታል፤ የሚያነብ ሊቅም አለን» አለች።

ዓይን ሁሉ ወደ አያ ጅቦ ዞረ። አላነብም ቢል ቁርበቱ ሊነሣ ነው። አነባለሁ ቢል... ዓይኑ አህያ ላይ አረፈ። ከቅጥር የወጣች አህያ የማን እንደሆነች እሱም እሷም ያውቃሉ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ደብተራ እየተወዛወዘ ጀመረ።

«ያጠፋችኝ... አህያ ናት... በሰኮናዋ... ይላል።»

«እኔ?» አለች እመት አህያ። «እናቴ ትሙት አልነካሁም! ይህ ሰኮና ያንን ቁልፍ ቢረግጠው ዱቄት ይሆን ነበር እኮ! ኧረ እማማ ኤሊ፣ ይናገሩልኝ!»

ቀበሮ እጇን አነሣች። «ቆይ፣ በደንብ ይነበብ። ያ ሁሉ መንገድ ሲጠፋ ማሽኑ ዝም ብሎ ነው ያጠፋው፣ አያ ጅቦ?» ብላ ከኋላ በኩል የሶላሩን ገመድ በጥርሷ ሳብ አደረገችው። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ።

አያ ጅቦ ዓይኑን እንደጨፈነ ነው። «እንዴት ዝም ይላል! ሦስት ጊዜ ጠይቋል። መጀመሪያ በቀስታ፣ ሁለተኛ በሞቴ፣ ሦስተኛው ላይማ ፊደሉ ቀልቶ፣ አፈር ስሆን እያለ...»

የሰሚውን ፊት ሊያይ ዓይኑን ገለጠ። ፊት ለፊቱ ያለው ጥቁር መስታወት ነው፤ መስታወቱ ውስጥ አፉን የከፈተ አንድ ጅብ ተቀምጧል።

«ከምኑ ላይ ነው የሚያነቡት?» አለች ቀበሮ። «ደግሞስ እማማ ኤሊ በሦስት ዓመት አንዴ እንኳ ያላየችውን ቀይ ፊደል እርስዎ የት አዩት? ጅብ በማያውቁት አገር ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር!»

ዱሩ በሳቅ ተናጋ። ዝንጀሮ ከቅርንጫፍ ወደቀ። አያ ጅቦ ጆሮው ተኛ፣ ወገቡ ወደ መሬት ወረደ፤ ከቁርበቱ ላይ ወርዶ ቁርበቱ ሥር መግባት አማረው።

«ዝም በሉ!» አለች እማማ ኤሊ። ጮኻ ስለማታውቅ ሁሉም ዝም አለ። «ልጄ፣ ለምን እሺ አልክ?»

አያ ጅቦ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ለመነኝ፣ እማማ» አለ። «ብላ የሚለኝ መሰለኝ። እኔን ማንም በሞቴ ብሎኝ አያውቅም። የደረስኩበት ሁሉ በር ይዘጋል።»

«አውቃለሁ ያልከውስ?»

«አላውቅም ብልማ፣ አጠገብዎ ማን ያስቀምጠኝ ነበር?»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ቀበሮ እንኳ የሳበችውን ገመድ ወደ ቦታው መለሰች።

«እኔም እኮ አላውቅም፣ ልጄ» አለች እማማ ኤሊ። «ያወቅሁት አሥራ አንድ ምልክት ነው። አላውቅም እያልኩ ነው እዚያ የደረስኩት።»

ንጉሥ አንበሳ «ይውጣ!» አለ። እሷ ግን እንዲህ ስትል ለመነች፤ «የእኔ ዓይን እንደገና ግንቡ ድረስ ለመሄድ አይበቃም፤ የእሱ ይበቃል። እሱ ይጫወት፣ ልጡ ላይ የጫርኩትን እየነገርኩት። ያልገባውን ሁሉ ግን በዚህ ሁሉ ፊት አላውቅም ይበል።»

እንዲሁ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ጺማሙ ሽማግሌ ሲናገር፣ ጉሬዛ በየዋህነት «ምን አሉ፣ አያ ጅቦ?» አለች። የአያ ጅቦ አፍ ተከፈተ፤ ሥጋ ሊል ነበር። ተዘጋ። እንደገና ተከፈተና በትንኝ ድምፅ «አላውቅም» አለ። አህያ ሳቀች፤ ለእሷ ተፈቀደላት። ያን ዕለት አራት መቶ ጊዜ አላውቅም ብሎ፣ ማታ ድምፁ አልወጣ አለ።

በልጡ ምልክት እየተመራ፣ ሦስት ዓመት የፈጀውን መንገድ በአንድ ዓመት ጨረሰው። የእማማ ኤሊ ቀኝ ዓይን ግን ዓመት አልጠበቀም። ግንቡ በተከፈተ ቀን ለእሷ ሁሉም ጨለማ ነበር።

«ምን ይታያል፣ ልጄ?»

«ዘንዶው ወደቀ፣ እማማ። ድፋባቸው ሰይፉን ሰገባው። ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ። ሣሩ አብቧል።»

«ፊቱስ? ደስ ብሎታል?»

«ጀርባውን ነው የሚያሳየኝ።»

«ሌላስ?»

«ጽሑፍ ይወርዳል። ረጅም ነው።»

«ምን ይላል?»

«አላውቅም፣ እማማ።»

«ተወው፤ እኔም አላውቀውም ነበር» ብላ ፈገግ አለች። አያ ጅቦ ግን ጽሑፉ ወርዶ እስኪያልቅ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም፤ በገዛ ዓይኑ ማየቱ አሳፍሮት አንገቱን ደፋ።

ከዚህ የምንማረው፣ «አላውቅም» ማለት ፊትን ለአንድ አፍታ ቢያቀላም፣ ሳያውቁ «አውቃለሁ» ማለት ግን ለሌላው የቀረችውን ጊዜ በልቶ፣ ይቅር ከተባሉ በኋላ እንኳ አንገት የሚያስደፋ መሆኑን ነው።