ዘመድ ያልሆነ ገዢ

አንድ ቀን፣ በድሮ ዘመን፣ በአንዲት የሆላንድ የወደብ ከተማ ፍሎሪስ የሚባል ሠዓሊ «ከከተማችን ይውጣልን» ተብሎ ዳኛ ፊት ቀረበ። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ? ሰው አልገደለ፣ ንብረት አልዘረፈ። ዘመድ የለውም። በቃ፣ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያች ከተማ የሠዓሊዎች ማኅበር የሚባል ነገር ነበር። አለቃው ዲርክ ይባላል፤ ቦርጩ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው ነው። ማኅበር ይበሉት እንጂ የዲርክ ሠርግ ቤት ነበር። ገንዘብ ያዡ አማቹ፣ ጸሐፊው የሚስቱ ወንድም፣ ቀለም ሻጩ አበልጁ፣ ፍሬም ሠሪው የእህቱ ባል። ሁሉም ይስላሉ፣ ሁሉም ይገዛሉ፤ የሚገዙት ግን እርስ በርስ ነው። ልጅ ክርስትና ሲነሣ አንዱ የሌላውን ሥዕል ይገዛል። ልጅ ስትዳር ይገዛል። ከመካከላቸው ሰው ሲሞትማ ገና እንባቸው ሳይደርቅ ሥዕሎቹን ይሻሙና «አቤት፣ የኛ ሰው ሥራ እንዴት ነው የሚፈለገው!» እያሉ ይገረማሉ። አንድ ጊዜ ዲርክ የሣለው የመርከብ ሥዕል ከአማች ወደ አበልጅ፣ ከአበልጅ ወደ ዋርሳ ሲዞር ከርሞ ለራሱ ለዲርክ የልደት ስጦታ ሆኖ መጣለት። ሰውየው ሥዕሉን ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየና «ግሩም ነው! የማን ሥራ ነው?» አለ አሉ።

ፍሎሪስ ከገጠር የመጣ ነው። አጎት የለው፣ አማች የለው፤ ያለችው ኔልቸ የምትባል እርጉዝ ሚስት ብቻ ናት። የሚስለውም እንደነዲርክ ሹማምንትና የመርከብ ባለቤቶችን አይደለም፤ ገበያ ወጥቶ አሣ ሻጮችን፣ አሣ አጥማጆችን፣ ጀልባ ቀዛፊዎችን ነው። በከተማው ሕግ ደግሞ ማኅበሩ ያልተቀበለው ሠዓሊ አንድም ሥዕል መሸጥ አይችልም፤ ዲርክ ከከሰሰውም ከከተማው ይባረራል። ማኅበሩ አንድን ሠዓሊ የሚቀበለው «ሥዕሌን ፈልጎ የወሰደ ሰው ይኸውላችሁ» ብሎ አንድ ምስክር ማቅረብ ሲችል ነው። ለነዲርክ ይህ ምን ቁም ነገር አለው? አጎትን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ መውሰድ ነው። ለፍሎሪስ ግን የሞት ሽረት ነገር ሆነበት። ብርዱ ገብቷል፣ ኔልቸ ልትወልድ ደርሳለች፤ ካልተቀበሉት የተከራዩዋትን ክፍል ለቀው ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው።

የነበረው አንድ ተስፋ ማክተልድ በምትባል ሴት ቢራ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች አንዲት የራሱ ሥዕል ነበረች፤ አፏን ከፍታ የምትስቅ አሣ ሻጭ። ከአጠገቧ የማኅበሩ አለቆች ሥዕል ተሰቅሏል። ዲርክ ራሱን መሐል አድርጎ፣ አማቾቹን ግራና ቀኝ ደርድሮ የሣለው ትልቅ ሥዕል ነው። ማክተልድ ለምና አልወሰደችውም፤ እዚያ ስለሚጠጡ ራሳቸው አምጥተው ሰቀሉባት። ታዲያ ችሎቱ ሊውል ሲል እሑድ ዕለት፣ ከተማው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ አንድ መርከበኛ ሰው የሌለበት ቢራ ቤት ገባና ሁለቱንም ሥዕሎች ከፍሬማቸው በቢላ ቆርጦ፣ አንድ ላይ ጠቅልሎ ወሰደ። ወደብ ላይ ሳይሳፈር ያዙትና ከነጥቅሉ ለፍርድ አቆዩት።

ሰኞ ጠዋት ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ዘመድ አዝማዱ ሁሉ የፊተኛውን ወንበር ይዟል። ዳኛው ከሌላ ከተማ በቅርቡ የተሾሙ ስለሆኑ ገና ከዲርክ ቤተሰብ ጋር አልተዛመዱም፤ ዲርክ ግን የእህቱን ልጅ ሊያስተዋውቃቸው እየተሰናዳ ነበር። ያ መርከበኛም እጁ እንደታሰረ ጥግ ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል።

ዲርክ ተነሣና ቦርጩን አስተካከለ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ ሰው ሠዓሊ ነኝ ይላል። የኔን ሥራ የዚህ ከተማ ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ቤታቸው ሰቅለውታል። ይኸው አማቼ፣ ይኸው አበልጄ፣ ይኸው የሚስቴ ወንድም። ይጠይቋቸው።»

«ግሩም ነው! ወደር የለውም!» አሉ በአንድ አፍ።

«የሱንስ ማን ፈለገው? አንድ ሰው ያምጣ!» አለ ዲርክ።

ዳኛው ወደ ፍሎሪስ ዞሩ። «አለህ ወይ ልጄ፣ ሥዕልህን የፈለገ ሰው?»

«ወይዘሮ ማክተልድ ቢራ ቤታቸው ሰቅለውልኝ ነበር፣ ክቡር ዳኛ።»

ማክተልድ መዋሸት የማትችል ሴት ነበረች፤ ፊቷ ቀላ። «እውነቱን ለመናገር ጌታዬ፣ ግድግዳዬ ተሰንጥቆ ስለነበር ስንጥቁን ይሸፍንልኝ ብዬ ነው። ኋላ ኋላ ግን ወደድኳት።»

የፊተኛው ወንበር በሳቅ ተንጫጫ። አበልጁማ ሳቁ ትንፋሽ አሳጥቶት ጀርባውን መቱለት። «ስንጥቅ መድፈኛ!» አለ ዲርክ፣ እንባውን እየጠረገ። «ሌላ የፈለገህ አለ?»

ፍሎሪስ የኔልቸ ሆድ ትዝ አለው፤ ዛሬ ምን ብሎ ቤት እንደሚገባ ጨነቀው። ዓይኑን ችሎቱ ውስጥ ሲያንከራትት ጥግ ላይ ከተቀመጠው መርከበኛ ጋር ተገጣጠመ።

«አለ፣ ክቡር ዳኛ» አለ። «ያ እስረኛ። የኔን ሥዕል ፈልጎ እጁ እስኪታሰር ድረስ ደርሷል። ከነዚህ ጌቶች መሐል ለአማቹ ሥዕል ሲል የሚታሰር ካለ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም። ዳኛው ሳቃቸውን ዋጡና መርከበኛውን ጠሩት።

«ይህን ሰው ታውቀዋለህ? ዘመድህ ነው?»

«አላውቀውም፣ ጌታዬ። በዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም።»

«ታዲያ ሥዕሉን ለምን ወሰድከው?»

መርከበኛው አቀረቀረ። «ጌታዬ፣ መርከባችን ሩቅ አገር ነው የሚሄደው። ባሕር ላይ የሚስቅ ፊት የሚባል አይገኝም። ያቺ ሴትዮ ስትስቅ አየኋትና አብራኝ ትሂድ ብዬ ነው። በድያለሁ።»

ፍሎሪስ እንባው መጣ። በሕይወቱ ስለ ሥራው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ እሱንም የነገረው ሌባ ሆነ። ዲርክ ነገሩ ከእጁ ሊወጣ መሆኑን ሲያይ ብድግ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ክቡር ዳኛ! ይህ ሌባ የኔንም ወስዷል እኮ! ያውም ትልቁን! ፈልጎ መውሰድ ይህ ከሆነ ከሱ የበለጠ የተፈለግሁት እኔ ነኝ። የሱ ትንሽ ቁራጭ ናት፤ የኔን ለመቁረጥ ስንት ለፍቷል! ደግሞ ዘመዴ አይደለም፤ እሱው ራሱ ተናግሯል። ጥቅሉ ይምጣና ይታይልኝ!»

«ይምጣ! ይምጣ!» አሉ አማቾቹ።

ጥቅሉ መጣ። አንድ ወታደር ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው አሁንም ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። ያ የማኅበሩ አለቆች ሥዕል የአሣ መጠቅለያ ጨርቅ መስሎ ከላይ ተጠምጥሟል። ገመዱ በዲርክ አፍንጫ ላይ አልፎ የገንዘብ ያዡን አንገት አንቆ ከአበልጁ ጺም ላይ ተቋጥሯል። ወታደሩ ቋጠሮውን ፈታው። ከውስጥ ያቺ አሣ ሻጭ ወጣች፤ ደርቃ፣ አንድ ቦታ ሳትበላሽ፣ አፏን ከፍታ እየሳቀች።

ከኋላ የተቀመጠው ሕዝብ መሳቅ ጀመረ። ዲርክ ግን ሽንፈት መቀበል የት ያውቃል!

«ቢሆንም ወስዶታል!» አለ እየጮኸ። «ፈልጎታል ወይስ አልፈለገውም?»

ፍሎሪስ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለና የዲርክን ሸራ ጫፍ በሁለት ጣቱ ይዞ ከላይም ከሥርም ደባበሰው። ከዚያ ለዲርክ በአክብሮት እጅ ነሣ።

«ጌታው ዲርክ እውነታቸውን ነው፣ ክቡር ዳኛ። በጣም ፈልጓቸዋል፤ ዝናብ ነበር። ሥራቸውንም ላመስግን፦ እሳቸውና አማቾቻቸው አንድ ላይ ሆነው አንዲት ጠብታ አላሳለፉም።»

ዳኛው ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ፍሎሪስ በዚያው ዕለት የማኅበሩ አባል ሆነ። ዲርክም ቢሆን ጨርሶ አልከሰረም፤ በሳምንቱ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዘመዱ ያልሆነ ገዢ በሩን አንኳኳ፤ አንዲት አሣ ሻጭ ናት፣ ለጋሪዋ ክዳን የሚሆን ሰፋ ያለ ሥዕል ፈልጋ።