የቀበሮ ብረትና የአህያ ጥያቄ

አንድ ጊዜ፣ የምንጩ ውሃ ለሁሉም በማይዳረስበት የበጋ ወር፣ የዱር አውሬዎችና የቤት እንስሳት የገና ጨዋታ ሊጋጠሙ ተስማሙ። ያሸነፈው ወገን ቀድሞ ይጠጣል፤ የተሸነፈው የተረፈውን ጭቃ ይልሳል። ዳኛው አንበሳ ነበር።

አህያ የምታጠባው ውርንጭላ ነበራት። ጭቃ ልሳ ወተት እንደማይኖራት ስለምታውቅ ለማሸነፍ ቆርጣ ተነሳች።

ቀበሮ ደግሞ የታየው ንግዱ ነው። የዱላ ጫፍ ላይ ብረት እየጠቀለለ «የተሻሻለ ዱላ» በሚል ስም ለወገኑም ለባላጋራውም ያቀርብ ጀመር። አያ ጅቦ ስሙን ሲሰማ ምራቁን ዋጠ። አንዱ ብረት አልበቃው ብሎ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ አስደረበ።

የአህያ ተራ ደረሰ። እሷ ግን ዱላዋን ከመስጠቷ በፊት ጠየቀች።

«አያ ቀበሮ፣ ይኼ ብረት ምን ያህል ይጨምርልኛል? የሚቀንስብኝስ ነገር አለ?»

«እመት አህያ፣ ሁሉ ነገር አስቀድሞ ከታወቀ ጨዋታው ምን ጣዕም አለው? ሜዳ ላይ ታይዋለሽ።»

«የልጄ ወተት ያለው እዚህ ጨዋታ ላይ ነው። የማላውቀውን ዱላ አልይዝም።»

ቀበሮ ሳቀባት። ጅብም ምን እንደሚያስቅ ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

አህያ ከበሬ አንድ ብረት ለበስ ዱላ ተዋሰች። አንዴ በራሷ፣ አንዴ በተዋሰችው ዱላ የእንጨት ኳሷን እየመታች ያረፈችበትን ቦታ በድንጋይ ምልክት አደረገች። ዱላውን በጥርሷ ስለምትይዘው ድዷ ደማ፤ ቢሆንም አላቆመችም። በመጨረሻ ነገሩ ተገለጠላት። ብረቱ ኳሷን አርቆ ይሰዳል፣ የሚመታውን ግን ያዘገየዋል። ድንጋዮቹን ለቡድኗ አሳይታ ያየችውን ሁሉ አስረዳች። ጉልበተኛው በሬ ብረቱን ይዞ ከኋላ ቆመ፤ እሷና ፍየል ቀላል ዱላቸውን ይዘው ከፊት ተሰለፉ።

ጨዋታው ሲጀመር ኳሷ ጅብ እግር ሥር ወደቀች። አያ ጅቦ ያን ሁሉ ብረት ሊያነሳ ሲታገል ፍየል ነጥቃው ሄደች። ኳሷ ወደ ጅብ በተመለሰች ቁጥርም እንዲሁ ሆነ፤ በሬም ከኋላ አርቆ እየመታ ኳሷን ከአውሬዎቹ ግብ አደረሳት። አንበሳ ለእነ አህያ ፈረደ፤ አህያም ጠጥታ ወደ ልጇ ሄደች።

«እንደሚከብድ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ጅብ ጭቃውን እየላሰ።

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለ ቀበሮ፣ እሱም ጭቃውን እየላሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ የጨዋታ ጣዕም ያለው በጭፍን በመገመት ሳይሆን የመሣሪያችንን ትርፍና ጉድለት ዐውቀን በመምረጥ መሆኑን ነው።