የአንበሳው አጎዛ በቀብድ

አንድ ጊዜ፣ አውሬው ሁሉ ስልክ በያዘበት ዘመን፣ አህያ መጫኛዋን ልትሸጥ ቆረጠች። መጫኛ ስል ጭነት የሚታሰርበትን ረጅሙን የቆዳ ጠፍር ማለቴ ነው፤ ያውም ቅቤ ጠጥቶ የለሰለሰ፣ ስንት ገበያ የተመላለሰ። ጀርባዋ ገጥቧል፣ ጭነት በቃኝ ብላለች። ክረምቱ ደግሞ እየመጣ ነው፤ ገና ጡት የተወ ውርንጭላ አላት፣ ጎተራዋም ባዶ ነው። መጫኛው በገብስ ካልተለወጠ ልጇ ክረምቱን አይዘልቅም። ሌላ የሚሸጥ ነገር የላትም።

ያን ጊዜ አውሬው የሚገበያየው «የዱር ገበያ» በሚባል ቻናል ነበር፤ የቻናሉ አስተዳዳሪ ዝንጀሮ ነው። አህያ መጫኛዋን ደጃፏ ላይ ዘርግታ ፎቶ አነሳችው። ውርንጭላው አላርፍ ብሎ ሲዘል አንድ ጆሮው ከፎቶው ጥግ ገባ። «ይሁን፣ ምን ቸገረኝ» ብላ እንዲሁ ለጠፈችው። ከሥሩም፦ «ቅቤ የጠጣ መጫኛ። በገብስ ይለወጣል። ቤቴ ሾላው ሥር ነው፤ መጥታችሁ እዩት» ብላ ጻፈች።

ይህን ያየች አንዲት ቀበሮ ነበረች፣ የአህያ ጎረቤት። ቀበሮ ምን ዕቃ እንዳላት ማንም አያውቅም፤ ስትሸጥ ግን ሁልጊዜ ትሸጣለች። የርግብ ምስል ለጥፋ፣ ራሷን «ታማኝ ዕቃ» ብላ፣ የአህያን ፎቶ የራሷ አስመስላ አወጣችው። ጽሑፉንም ገለበጠች። የለወጠችው ነገር ቢኖር ገብሱን ነው፤ በገብሱ ቦታ፦ «ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ቀብድ ላስቀደመ ብቻ። ቀብዱ ሥጋ ወይም አጥንት ነው፤ ከቋጥኙ ሥር አስቀምጡና ዕቃውን ከቤት ውሰዱ» የሚል አስገባች። የውርንጭላውን ጆሮ እንኳ ከፎቶው ቆርጣ አላወጣችም። መገልበጥ ማሰብ አይጠይቅማ!

አያ ጅቦ ማስታወቂያውን ሲያይ ለሃጩ ተዝረበረበ። ጅብ መጫኛ ምን ያደርግለታል እንዳትሉኝ፤ እሱ ቆዳ የሚገዛው ሊበላው ነው። ከየት እንዳመጣው የማይጠየቅ የበሬ ቅልጥም ይዞ ሮጠና ከቋጥኙ ሥር አኖረ። ቀበሮም ቅልጥሙን መጥጣ መጥጣ ስታበቃ፣ «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሄደህ ውሰድ» ብላ መልእክት ላከችለት።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የአህያ በር ተንኳኳ።

«ማነው?»

«ገዢ ነኝ!»

አህያ ደስ ብሏት ከፈተች። በሩ ላይ የቆመውን ስታይ ውርንጭላዋን ወደ ኋላዋ ገፋችው።

«እ… እንደምን አመሸህ አያ ጅቦ? ገብሱን ይዘህ ነው?»

«የምን ገብስ? ቅልጥሜን ሰጥቻለሁ፤ ዕቃዬን አምጪ።»

«ኧረ እኔ ቅልጥም ምን ይሠራልኛል? ሣር በሊታ ነኝ እኮ!»

ጅቡ ይህን ነገር ሊያስበው ሞከረ። ሲከብደው ተወውና ስልኩን አወጣ። «ይኸው! ቤቱ ያንቺ አይደለም? መጫኛው ያንቺ አይደለም?»

አህያ አየችው፣ ደነገጠች። «ፎቶዬን ሰርቀው ነው አያ ጅቦ! እኔ የለጠፍኩት ይህን አይደለም! ይኸውልህ፣ የልጄ ጆሮ እንኳ ጥጉ ላይ አለ!»

ምነው አፏን በዘጋችው! ጅቡ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ጆሮም አለው እንዴ? አንቺ ባትነግሪኝ አላየውም ነበር። እንግዲያው የገዛሁት መጫኛውንም ጆሮውንም ነው።»

«ጆሮው አይሸጥም! ልጄ ነው!»

«ስሚኝ እመት አህያ፣ እኔ የገዛሁት ፎቶው ላይ ያየሁትን ነው። ጆሮውን ከልጁ ቁረጪና ስጪኝ አልልም፣ ጨካኝ አይደለሁም። ከነልጁ እወስደዋለሁ።»

ውርንጭላው ከእናቱ ሆድ ሥር ተወሸቀ። ደግነቱ በዚህ መሃል የመንደሩ ውሾች እየጮሁ መጡ። አያ ጅቦ ውሻ አይወድም። «ነገ በዚህ ሰዓት እመጣለሁ፤ ሁለቱንም አዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» ብሎ ሹልክ አለ።

በነጋታው አህያ ዝንጀሮ ዘንድ ሄዳ እሪ አለች። ዝንጀሮ ዛፉ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አደረገና፣ «አንድ ዓይነት ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ መለጠፍ ክልክል ነው» አላት።

«እኮ! የኔን ገልብጠው ነው!»

«ታማኝ ዕቃም ይህንኑ ነው ያለችኝ። ትናንት ቀድማ ከሰሰችሽ። ስለዚህ ያንቺን አጥፍቼዋለሁ።»

«የኔን?»

«ስሟ ታማኝ ነው እኮ» አለ ዝንጀሮ።

አህያ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቀበሮን መንገድ ላይ አገኘቻት። ቀበሮ ሁሉን ሰማችና ደረቷን መታች። «ወይኔ ጎረቤቴን! ምን ዓይነት ዘመን መጣ! እኔ አንቺን ብሆን መጫኛውን ትቼ ልጄን ይዤ እሰደድ ነበር።» ይህን ስትል የቀበሮ ስልክ «ኩኩሉ!» ብሎ ጮኸ። የስልኳ ጥሪ የአውራ ዶሮ ድምፅ ነው። «ሌላ ድምፅ አልወድም፣ ይህ ሆዴን ያባባዋል» ብላ አጠፋችውና መንገዷን ቀጠለች።

አህያ ሾላዋ ሥር ቆማ አሰበች። አህያ ቀስ ብላ ነው የምታስበው፤ ስታስብ ግን አንዲት ነገር አትዘልም። ‹ይህ ሌባ እኔ የለጠፍኩትን ሁሉ ይገለብጣል፣ ገዢውንም ፎቶው ወደተነሳበት ቤት ይልካል። እንግዲያው የሚገለብጠውን ልምረጥለት› አለች። ልጇን ከፊት አስቀድማ አያ አንበሶን ፍለጋ ሄደች።

አንበሳ ያን ቀን ጥላ ፍለጋ ወደ ወንዙ ወርዶ፣ ዋርካው ሥር አጎዛውን አንጥፎ ጋደም ብሎ ነበር። አህያ ከሩቅ እጅ ነሥታ የደረሰባትን አንድ ሳታስቀር ነገረችው።

«እና ከኔ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ አንበሳ።

«አጎዛዎን ፎቶ ላንሳው ጌታዬ። ለዚያች ለአፍታ ብቻ ከላዩ ላይ ይነሡልኝ።»

«እኔ? ከአጎዛዬ?» አንበሳ በነገሩ ሳይሆን በመነሣቱ ነው የተቆጣው። ውርንጭላውን አየው፣ አህያዋን አየና አጉረመረመ። «እሺ። ሌባው ካልመጣ ግን ቀልደሽብኛል ማለት ነው። ከኔ ጋር ቀልዶ የሄደ እስካሁን የለም።»

አህያ ፎቶውን አነሳችና ለጠፈች፦ «ንጹሕ የበግ አጎዛ። ከወንዙ ዳር፣ ዋርካው ሥር። መጥቶ ላየ ብቻ።» አንበሳም ተመልሶ ተጋደመ፣ ፊቱን ከእጆቹ ሥር ቀበረና እንቅልፉን ለጠጠ። አህያና ልጇ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደበቁ።

ቀበሮ ሳትውል ሳታድር ገለበጠችው። «ከአያቴ የወረስኩት አጎዛ» የሚል ጨምራ፣ ከዚያ ያችን የለመደቻትን ቀብድ አስከተለች። ዋርካው ሥር ማን እንዳለ ሄዳ አላየችም፣ አልጠየቀችም። አያ ጅቦማ ወዲያው ነው የላከው! ያውም ለክፉ ቀን ብሎ ደብቆት የነበረውን የሻኛ ቁራጭ። ትናንት ዕቃውን ያልሰጠችው ሻጭ ይህችው መሆኗን ልብ አላለም፤ ስሟ ታማኝ ነዋ!

ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ደረሰ። ፀሐይ ዓይኑን ወግታዋለች። አጎዛው ላይ አንድ የተጋደመ ወፍራም ነገር አለ።

«ሰውዬ፣ ተነሥ ከዕቃዬ ላይ!» አለና አጎዛውን በጥርሱ ይዞ ጎተተ።

አንበሳ ቀና አለ።

እናንተዬ፣ ሌላ አውሬ ቢሆን እዚያው ደርቆ ይቀር ነበር። አያ ጅቦ ግን ሆዱ ከፊቱ እየቀደመ ያስቸግረዋል። አጎዛውን አልለቀቀም።

«ጌታዬ፣ እኔ ከእርስዎ ጋር ጠብ የለኝም» አለ በተያዘ አፉ። «ግን የገዛሁት ፎቶው ላይ ያየሁትን ነው፣ እርስዎ ደግሞ ፎቶው ላይ የሉም። ስለዚህ ቢነሡልኝ።»

አንበሳ አገሳ። ዱሩ ተናወጠ። አንበሳ ሲያገሳ መቅረት የለም፤ አውሬው ሁሉ ግልብጥ ብሎ መጣ። ዝንጀሮ ከነስልኩ መጣ። ቀበሮም መጣች፣ ደረቷን እየመታች። «የጌታችንን አጎዛ? ምን ዓይነት ዘመን መጣ!»

አህያ ከቁጥቋጦው ወጣች። ወደ ጅቡም ዞረች። «አያ ጅቦ፣ አጎዛውን ለሸጠልህ ደውልለት።»

ጅቡ ደወለ። ሁሉም ጆሮውን ቀሰረ።

«ኩኩሉ!»

አውሬው ዙሪያውን አየ። ዶሮ የለም።

«ኩኩሉ! ኩኩሉ!» ድምፁ የሚመጣው ከቀበሮ ጭራ ሥር ነበር። ዝንጀሮ ስልኩን ከፍቶ «ከአያቴ የወረስኩት አጎዛ» የሚለውን ማስታወቂያ ጮክ ብሎ አነበበ።

«እመት ቀበሮ» አለ አንበሳ ቀስ ብሎ፣ «አጎዛው የአያትሽ ከሆነ የተኛሁበት እኔ ሌባ ነኝ። የኔ ከሆነ ሌባዋ አንቺ ነሽ። የቱ ነው?»

ቀበሮ ስልኳን በጭራዋ ሸፈነች። «ጌታዬ፣ እኔ… ደላላ ነኝ! ለእርስዎ ጥሩ ገዢ ሳፈላልግልዎ ነው!»

«ገዢ ላኪ ብዬሽ ነበር?»

ቀበሮ ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች።

«የጅቡን ቀብድ መልሺ።»

«በልቼዋለሁ» አለች ቀበሮ በቀጭን ድምፅ።

አያ ጅቦ አጎዛውን ለቀቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳብ ሳይከብደው ቀረ። «ቅልጥሜም ሻኛዬም እሷ ሆድ ውስጥ ናቸዋ! ከነሆዷ እወስዳታለሁ!» አለና ተወረወረ። ቀበሮ ስልኳን ጥላ ፈረጠጠች፣ ጅቡ ከኋላዋ፣ ሁለቱም ከተራራው ማዶ ተሰወሩ። ስልኩ ሣሩ ውስጥ ወድቆ «ኩኩሉ» ይላል፤ አያ ጅቦ እየሮጠም መደወሉን አላቆመም።

አንበሳ ወደ ዝንጀሮ ዞረ። ዝንጀሮ ሳይጠየቅ የአህያን ማስታወቂያ መለሰ።

በማግሥቱ በቅሎ ገብስ ጭና መጣች። መጫኛውን አሸተተች፣ በጥርሷ ይዛ ጎተተች፣ ጫፍና ጫፉን አየችና ገብሱን አህያ ደጃፍ ላይ አራገፈች። ውርንጭላውም አፍንጫውን ገብሱ ውስጥ ነክሮ፣ ጅብ ሊገዛው የነበረውን ያን ጆሮ እያወዛወዘ ቆረጠመ።

ከዚህ የምንማረው የሰው ዕቃ ፎቶ እየገለበጠ የሚነግድ አንድ ቀን ሳያውቅ የአንበሳን አጎዛ ለገበያ ማውጣቱ ስለማይቀር፣ እኛም ቀብድ ከመላካችን በፊት አጎዛው ላይ የተጋደመው ማን እንደሆነ ሄደን ማየት እንዳለብን ነው።